ቆጣሪው የእኛ፣ ቁጥሩ የሌላ

አዲስ አበባ ውስጥ ከደምበል እስከ ካዛንቺስ ባሉ ካፌዎች የቴክኖሎጂ ወሬ ሲነሳ አንድ ቁጥር ሳይጠቀስ አይቀርም፤ ከዓለም የቢትኮይን ማይኒንግ አቅም 2.5 በመቶ ገደማ የሚሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ይባላል። ቁጥሩ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከዜና ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሲዘዋወር ቆይቶ አሁን እንደ ቆጠራ ውጤት ይታመናል። ማን ቆጠረው፣ እንዴት ቆጠረው ብሎ የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም። መጠየቁ ለክርክር ያህል አይደለም። ቢትኮይን ዋና መሥሪያ ቤት የለውም፤ አባላቱ አይመዘገቡም፤ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር አቻ ለአቻ እየተነጋገረ የሚኖር መረብ ነው። ስንት እንደሆነና እንዴት እንደዋለ የሚጠየቅ ኃላፊ የለውም። ስለዚህ ስለ እሱ የሚነገር ቁጥር ሁሉ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ቆሞ፣ ከቆመበት በሚታየው ልክ የገመተው ነው።

የእኛ ታሪክ አጭር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠነቀቀ። በዚያው ክረምት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በዘርፉ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጠራ። መገበያየቱ ተከለከለ፣ ማሽኑን ማንቀሳቀስ ግን «ዳታ ማይኒንግ» በሚል ስም ገባ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ብሉምበርግ እንደዘገበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እስከዚያ ድረስ ከ21 ማይነሮች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል ገብቶ ነበር፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ቻይናውያን ነበሩ። ዋጋው በወቅቱ በኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነበር። ኃይሉ በቀጥታ ከሰብስቴሽን ይወጣል፤ ማሽኖቹ እዚያው አጠገብ በኮንቴይነርና በመጋዘን ተደርድረው ያፏጫሉ። የደጋው ቅዝቃዜም የማቀዝቀዣ ወጪውን ይቀንስላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ተቋሙ አዲስ ፈላጊ እንደማይቀበል አስታውቋል፤ የፈላጊው ብዛት ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ማሽን በዓለሙ መረብ ላይ ምን ያህል ይመዝናል? መልሱ መረቡ ራሱን በሚለካበት መንገድ ውስጥ ነው፤ መንገዱም ተዘዋዋሪ ነው። የማይኒንግ ማሽን አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ቁጥር ይገምታል። ትክክለኛው ግምት የወጣለት አዲስ ብሎክ፣ ማለትም አንድ ጥቅል የግብይት መዝገብ፣ ዘግቶ ሽልማቱን ይወስዳል። ስንት ማሽን እየገመተ እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ በአደባባይ የሚታየው አሸናፊ በየስንት ደቂቃው እንደወጣ ብቻ ነው። አንድም የሎተሪ ሻጭ ሳያነጋግሩ፣ ዕጣ በሚደርስበት ፍጥነት ብቻ ስንት ትኬት እንደተሸጠ እንደመገመት ነው። ሥርዓቱ በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ ብሎክ እንዲዘጋ ተደርጎ ተሠርቷል። በየ2,016 ብሎኩ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ በመረቡ ላይ ያለ እያንዳንዱ ኖድ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያሄድ ኮምፒውተር፣ ለየራሱ ያለፈውን ጊዜ ያሰላል። ብሎኮቹ ፈጥነው ከነበረ ግምቱን ያከብደዋል፤ ዘግይተው ከነበረ ያቀለዋል። በነገራችን ላይ፣ ኮዱ 2,016 ብሎክ ይበል እንጂ የሚለካው 2,015 ክፍተት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ግድፈት ነው፤ ለማረም የሁሉም ስምምነት ስለሚያስፈልግ እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም።

ይህ መለኪያ እንደሚሠራ በማያሻማ መንገድ የታየው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የቻይና መንግሥት ማይኒንግን እንደሚያጠፋ አስታወቀ፤ በቀጣዩ ወር በየክፍለ ሀገሩ ማሽኖች ከሶኬት ተነቀሉ። ለመረቡ «እየወጣን ነው» ያለው ማይነር አልነበረም፤ የሚባልበት ቦታም የለም። ብሎኮቹ ግን መዘግየት ጀመሩ። በሁለት ሳምንት ሊያልቅ ይገባ የነበረው 2,016 ብሎክ 19 ቀን ተኩል ያህል ፈጀ። ሰኔ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. የግምቱ ክብደት በአንድ ጊዜ በ27.94 በመቶ ወረደ፤ በቢትኮይን ታሪክ ከፍተኛው ቅናሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወደ ነበረበት ፍጥነት ተመለሰ። ሰብሳቢ የሌለው ማኅበር ከአባላቱ ከሩብ በላይ የሚሆነው መጥፋቱን ማንም ሳይነግረው አውቆ ራሱን አስተካከለ ማለት ነው።

ስሌቱን ወደ እኛ ስናመጣው ነገሩ ይለወጣል። 2.5 በመቶ ትክክል ነው እንበል። ዛሬ ማታ በመላ አገሪቱ መብራት ቢጠፋና የኢትዮጵያ ማሽኖች በሙሉ ዝም ቢሉ፣ አማካዩ የብሎክ ክፍተት ከ10 ደቂቃ ወደ 10 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይሄዳል። በቀን ይጠበቅ የነበረው 144 ብሎክ 140 ይሆናል። ችግሩ የብሎኮች አወጣጥ ዕድል ነው፤ ማንም ባልወጣበትና ማንም ባልገባበት ተራ ቀን እንኳ ቁጥሩ ከ144 ላይ ወይም ታች 12 ያህል መወዛወዙ የተለመደ ነው። የ12 ወዝወዛ ባለበት የ4 ጉድለት ማን ያያል? ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢጠበቅ ደግሞ የሚጎድለው 50 ብሎክ ይሆናል፤ የተለመደው ወዝወዛ 45 ነው። ባለሙያ ተቀምጦ ቢያሰላ እንኳ «ምናልባት የሆነ ነገር አለ» ከማለት አያልፍም። እንግዲህ ካፌ ውስጥ የምንኮራበት ድርሻ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ፣ ድርሻው ያለበት መረብ አጋጣሚ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመለየት ሁለት ሳምንት ጠብቆም ያመነታል። ይህን ስል ለማናናቅ አይደለም፤ የዓለም መቶኛ ለእኛ ጉዳይ የተሳሳተ መለኪያ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ታዲያ 2.5 ከየት መጣ? መረቡ ጠቅላላውን አቅም ይነግረናል እንጂ አገር አያውቅም። የአገር ድርሻ የሚገመተው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ማሽን ሻጮችንና የገበያ ሰዎችን ጠይቆ መደመር ነው። ሌላው ፑሎችን መጠየቅ ነው። ማይነሮች ዕድላቸውን ለማለዘብ ጉልበታቸውን በፑል ያዋጣሉ፤ ፑሉ ደግሞ ደንበኛው ከየትኛው አይፒ አድራሻ እንደተገናኘ ያያል። ለዓመታት ብዙ የተጠቀሰው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ካርታ የተሠራው ፈቃደኛ ፑሎች በሰጡት እንዲህ ያለ መረጃ ነው። መረጃው የቱን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ አሁንም ቻይናን መመልከት ይበቃል። ከእገዳው በኋላ በነበሩት ሁለት ወራት ካርታው ለቻይና ዜሮ አሳየ፤ በመስከረም ግን በአንድ ጊዜ 22 በመቶ ሆና ብቅ አለች። በአንድ ወር ይህን ያህል ማሽን አይተከልም። አጥኚዎቹ ራሳቸው እንዳሉት፣ ማይነሮቹ ሥጋቱ እስኪያልፍ ቦታቸውን በቪፒኤንና በመሰል መንገድ ደብቀው ከርመዋል። በተቃራኒው አየርላንድና ጀርመን ያን ያህል ማሽን ሳይኖራቸው በካርታው ላይ ገዝፈው ታይተዋል፤ የቪፒኤን ትራፊክ መውጫ ስለሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ይህን ሁሉ መዞር አያስፈልግም፤ ቆጣሪ አለን። ማሽኖቹ የተሰኩት በመንግሥት ሰብስቴሽን ላይ ነው፤ የበሉት ኃይል በየሰዓቱ ይመዘገባል። አዳዲሶቹ ማሽኖች አንድ ትሪሊዮን ግምት ለመገመት 20 ጁል ያህል ይፈጃሉ። በዚህ ሒሳብ 100 ሜጋ ዋት የሚበላ ማዕከል 5 ኤግዛሃሽ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሚሊዮን ትሪሊዮን ግምት፣ ያወጣል። ጠቅላላው መረብ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 1,000 ኤግዛሃሽ ደርሷል። ስለዚህ እያንዳንዱ 100 ሜጋ ዋት ከዓለም ግማሽ በመቶ ነው፤ 2.5 በመቶ ለማለት 500 ሜጋ ዋት ያስፈልጋል። ማሽኖቹ ያረጁ ከሆኑ ደግሞ ያው ኃይል ያነሰ ድርሻ ይገዛል። የማሽኑ ዓይነትና የቆጣሪው ንባብ ካለ በአንድ ቀን የሚሠራ ስሌት ነው፤ ከፑል መረጃም ይበልጥ ትክክለኛ ነው። የቆጣሪው ንባብ ግን በመግለጫ የሚወጣው ተጠቃልሎ፣ «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ገቢ ተገኘ» በሚል መልክ ነው። ዶላሩ ጥሩ ነው። ዶላር ግን ማሽኑ በየትኛው ሰዓት እንደበላ አይናገርም፤ የምሽት እንጀራ ጋገራና የማይነር ማሽን አንድ መስመር የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሰዓቱ ነው።

እስካሁን ያነሳሁት ስለ ጉልበት ነው። የአቻ ለአቻ መረብ ሌላም መለኪያ አለው፤ ወሬ በምን ያህል ፍጥነት ይዳረሳል የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ክርስቲያን ዴከርና ሮጀር ቫተንሆፈር ስዊዘርላንድ ሆነው ለካው፦ አንድ ብሎክ ግማሹ መረብ ዘንድ ለመድረስ 6.5 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ከ40 ሰከንድ በኋላም 5 በመቶ የሚሆኑት ኖዶች ገና አልሰሙም። ሰከንዶቹ ገንዘብ ናቸው። ወሬው ዘግይቶ የደረሰው ማይነር በተዘጋ ብሎክ ላይ በከንቱ ይገምታል። የጀርመኑ የካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ይህንኑ ያለማቋረጥ ይከታተላል፤ ብሎኮችን አጨማምቆ የመላክ ዘዴ ከመጣ በኋላ ፍጥነቱ ብዙ ተሻሽሏል።

ይህን ከደምበል ሆኖ ማየት ይቻላል። በአካባቢው ካሉት ቢሮዎች በአንዱ፣ ቦሌ መንገድን ቁልቁል በሚያይ መስኮት አጠገብ ላፕቶፕ ላይ «ቢትኮይን ኮር» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የጫነ ሰው ሳንቲም ሳይዝና ሳይገበያይ የመረቡ ሙሉ ታዛቢ መሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ከመነሻው ጀምሮ ያለውን መዝገብ አውርዶ ይመረምራል፤ ከ600 ጊጋባይት ያልፋል፤ በሞባይል ፓኬጅ የሚሞከር አይደለም። ካበቃ በኋላ ሰውየው የኖዱን አቻዎች ዝርዝር ይከፍታል። ወደ ውጭ የተዘረጉ 10 ግንኙነቶች ይታያሉ። በእያንዳንዱ አጠገብ የምልልሱ ጊዜ በሚሊሰከንድ ተጽፏል፤ ቅርብ የሚባለው አቻ ባሕር ማዶ ነው። ከውጭ የገቡ ግንኙነቶች በሚለው ረድፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚነበበው 0 ነው። ኖዱ አልተበላሸም። ሞባይልም ሆነ ብዙው የቢሮ ኢንተርኔት የሚሰጠው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ በማጋራት ስለሆነ ከውጭ የሚጣራ በሩን አያገኘውም። ይህ ኖድ ሁሉን ያያል፤ እሱን ግን የሚያይ የለም። የዓለምን ኖዶች እየዞሩ የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች የሚመዘግቡት ሲጠሩት አቤት የሚለውን ብቻ ነው፤ የደምበሉ ላፕቶፕ በካርታቸው ላይ የለም። ከሚቆጥሯቸውም ውስጥ ብዙዎቹ ቦታን በሚደብቀው በቶር መረብ በኩል ስለሚገናኙ አገራቸው አይታወቅም። «ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያህል ኖድ አለ» የሚል ሰንጠረዥ ሲያዩ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

አቻ ለአቻ የሚለው ስም ራሱ ከድሮም ትንሽ ሽንገላ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢይታን አዳርና በርናርዶ ሁበርማን ኑቴላ የተባለውን የፋይል መለዋወጫ መረብ ሲለኩ 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ተጠቃሚዎች ምንም ፋይል እንደማያጋሩ አገኙ፤ ከምላሾቹ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከ1 በመቶው አጋሪ ብቻ ነበር። በእኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው የአቻ ለአቻ መረብ ዜንደር ነው፤ በደምበል ሞባይል ቤቶች ባንኮኒ ላይ ሁለት ስልክ ተጠጋግተው፣ ካርድ ሳይሞላ፣ ፊልምና መዝሙር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ያላየ የለም። እዚያ ቢያንስ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በማይኒንጉ ግን እኛ ያለንበት ቦታ እንግዳ ነው። ሰብስቴሽን አጠገብ ያለው ማሽን ኖድ አይደለም፤ የሚያናግረው ባሕር ማዶ ያለ የፑል ሰርቨርን ነው። የትኛው ግብይት ወደ ብሎክ ይግባ የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ፑሉ ነው። ጉልበቱ የአባይ ውኃ ሆኖ ውሳኔውም ልኬቱም ሌላ ቦታ ነው።

የራሳችንን መረብ በሌላ ሰው ዓይን ማየት ለነገሩ አዲስ አይደለም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በማግስቱ ኢንተርኔት ሲዘጋና ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ መዘጋቱን በደቂቃ ደረጃ የመዘገቡት ውጭ ያሉ ታዛቢዎች ናቸው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተገነባው «አዮዳ» የተባለ መከታተያ ሦስት ነገር ያያል። የኢትዮጵያ አድራሻዎች በዓለም የመንገድ ሰሌዳ ላይ አሉ ወይ? ሲጠሩስ ይመልሳሉ? ሦስተኛው ይበልጥ ያስደንቃል። በቫይረስ የተያዙ ኮምፒውተሮች ዝም ብለው ወደ ባዶ አድራሻ የሚልኩትን ልፍለፋ የሚያዳምጥ ጆሮ አለው፤ የአንድ አገር ልፍለፋ ድንገት ጸጥ ካለ አገሩ ተቆርጧል ማለት ነው። ከውስጥ ሆኖ መለካት ግን የሰው ድፍረት ይጠይቃል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. አምነስቲና «ኡኒ» የተባለው የልኬት ፕሮጀክት ያወጡት ሪፖርት ዋትስአፕን ጨምሮ የተዘጉ አገልግሎቶችን በማስረጃ ማሳየት የቻለው አገር ውስጥ ሆነው ሙከራውን የሮጡ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ከደምበል ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ተካሂዷል። በእነዚያ ቀናት ትግራይ በአብዛኛው ከኢንተርኔት ውጭ ነበረች። ስብሰባው ውስጥ ስለ መቆራረጥ ሲነሳ የሚጠቀሱት ግራፎች የእነዚሁ የውጭ ተቋማት ነበሩ ቢባል ማንንም አይገርም፤ ሌላ የታተመ አልነበረማ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መቀመጫው አምስተርዳም የሆነው ራይፕ የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በፈቃደኞች ቤት የሚሰኩ ትንንሽ መለኪያ መሣሪያዎችን ያድላል፤ ዛሬ በዓለም ከ10 ሺሕ በላይ ናቸው። የመዳፍ ያህል ሣጥን ነው፤ ከቤት ራውተር ጋር ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ይፈትሻል፣ ውጤቱም ለሁሉም ክፍት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወይም አንድ ዩኒቨርሲቲ በየክልሉ ከተማ እንዲህ ዓይነት ሣጥኖችና ከውጭ የሚጠራ በር ያለው የቢትኮይን ኖድ ቢተክል፣ ብሎክ ባሕር ዳር በስንት ሰከንድ ይደርሳል፣ ሐዋሳስ፣ የትኛው የውጭ መስመር ሲታመም ምን ይዘገያል የሚለውን እኛው እንነግር ነበር። ኤሌክትሪክ ኃይልም የማይነሮችን የሰዓት ፍጆታ የድርጅት ስም ሳይጠቅስ፣ ደምሮ፣ በየወሩ ቢያወጣ የንግድ ምስጢር አይነካም። የማይኒንግ ማሽን በደቂቃዎች ጠፍቶ በደቂቃዎች መብራት የሚችል ደንበኛ ነው፤ በውሉ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይቀንስ የሚል አንቀጽ ካለ ተፈጻሚነቱን የሚያሳየው ይኸው ሠንጠረዥ ነው፤ ከሌለም አለመኖሩ ይታያል።

ጊዜው ደግሞ ይገፋል። ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የብሎክ ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2028 እንደገና ይገመሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመጣ ከደንበኞቹ መካከል እነዚህ ማሽኖች አሉበት። ሽልማቱ ሲገመስ በ3.14 ሳንቲም እንኳ የማያዋጡት አሮጌ ማሽኖች ቀድመው ይጠፋሉ። መረቡ አያየውም፤ ከወዝወዛው በታች ነው። ካምብሪጅም ቢያይ ከወራት በኋላ ነው። የሰብስቴሽኑ ተረኛ ኦፕሬተር ግን በዚያችው ደቂቃ ጭነቱ ሲወርድ ያያል፣ በመዝገቡም ላይ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። ያ መዝገብ ከሰብስቴሽኑ ወጥቶ የሚታተምበት አሠራር እስካሁን የለም፤ ለ2028ም የቀረው ጊዜ ብዙ አይደለም።